ክንፏ ያልተሰበረው ወፍ

በዚህ ዓምድ እያንዳንዳችን ከምንማረው ትምህርት ጋር የሚገናኝ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ አንድ ታዋቂ ሰው መርጠን ታሪኩን እንድንጽፍ ተባብለን ነበር። ነርሲንግ ስለምማር ፍሎረንስ ናይቲንጌልን እንደምመርጥ ሁሉም ገምቶ ነበር። እኔ ግን የመረጥኩት ዕድሜውን በሙሉ ወፍ ሲመለከት የኖረ አንድ ሆላንዳዊ ነው። ኒኮ ቲንበርገን ይባላል። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ለማስረዳት ከራሴ ቤት መጀመር አለብኝ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ስለሆነ ስሳሳት እያረማችሁ አንብቡልኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ እናቴ ከክሊኒካል ልትወስደኝ መጣች። ታናሽ ወንድሜም አብሯት ነበር። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። መኪናዋን ያቆመችው ጠጠር በፈሰሰበት ትርፍ ፓርኪንግ ላይ ነበር። ገና ሦስታችንም ወርደን ቆመን ስናወራ አንዲት ቡናማ ወፍ ከእግራችን ሥር ተነስታ መጮህ ጀመረች። ደረቷ ላይ እንደ ሐብል ሁለት ጥቁር መስመር አላት። አንድ ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ ጅራቷን ዘርግታ ብርቱካንማ ላባዋን እያሳየች ትንፏቀቃለች። እናቴ ውይ በሞትኩት ብላ ተከተለቻት። እኔም ነርስ ልሆን አይደል፣ ጃኬቴን አውልቄ ልይዛት ተከተልኩ። አንድ እርምጃ ስንጠጋ እሷም አንድ እርምጃ ትርቃለች። ሠላሳ እርምጃ ያህል ከወሰደችን በኋላ ምንም እንዳልሆነች ብድግ ብላ በረረች። ክንፏ ደህና ነበር።

ዞር ስንል ወንድሜ አልተከተለንም። ወፏ በተነሳችበት ቦታ ቁጢጥ ብሎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ መሬት መሬቱን ያያል። ጠጠሩ መሃል ዝንጉርጉር የሆኑ አራት እንቁላሎች ነበሩ። እኔና እናቴ በትርኢቱ ተታለናል፤ እሱ ግን ወፏን ሳይሆን ወፏ የደበቀችውን ነገር አየ። ቶሎ ብለን ከዚያ አነሳነውና ወደ መኪናው ገባን።

ወፏ ኪልዲር ትባላለች፤ እዚህ አሜሪካ በየሜዳውና በየጠጠሩ የምትገኝ ናት። ያን ዕለት ማታ ስለ እሷ ሳነብ፣ ከዚያም ወፎች ጠላትን ስለሚያስፈራሩበትና ስለሚያታልሉበት መንገድ ስከታተል፣ የቲንበርገን ስም ደጋግሞ መጣብኝ። ታሪኩን ማንበብ ስጀምር ወደድኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ ግን ኮምፒዩተሬን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት በቦታው እነግራችኋለሁ።

ተርቡና የጥድ ፍሬው

ኒኮላስ ቲንበርገን ሚያዝያ 15 ቀን 1907 በሆላንድ ዘ ሄግ ከተማ ተወለደ። ለአባትና ለእናቱ ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነው። አባቱ መምህር ነበር። ታላቅ ወንድሙ ያን ጎበዝ ተማሪ ሲሆን በኋላ በ1969 የመጀመሪያውን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ኒኮ ግን ክፍል ውስጥ መቀመጥ የማይወድ፣ ሆኪ ሲጫወትና ባሕር ዳር ሲዞር የሚውል ልጅ ነበር። በቤተሰባችን ከታላላቆቻችን ጋር የምንነጻጸር ሁላችን ይህ ልጅ ይገባናል።

ያም ሆኖ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮሎጂ ተማረ። የዶክትሬት ጥናቱ ንብ አዳኝ በሆነች ተርብ ላይ ነበር። ተርቧ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ትኖራለች፤ በአካባቢው በመቶ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ጉድጓዶች አሉ። ታዲያ የራሷን እንዴት ታውቀዋለች? ቲንበርገን ተርቧ ውስጥ ሳለች በጉድጓዱ ዙሪያ የጥድ ፍሬ ክብ አድርጎ ደረደረ። ተርቧ ወጥታ አካባቢውን ዞራ አይታ ሄደች። እሷ በሌለችበት የጥድ ፍሬውን ክብ ትንሽ ፈቀቅ አደረገው። ስትመለስ ቀጥታ ክቡ መሃል አረፈች፤ እውነተኛው ጉድጓዷ አጠገቧ እያለ አላገኘችውም። ስለዚህ ቤቷን የምታውቀው በዙሪያው ባሉት ምልክቶች ነው ማለት ነው። ጥናቱ በ1932 ሲቀርብ 32 ገጽ ብቻ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ዋናው የሰውዬው ጥበብ እዚህ ላይ ስላለ ነው። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ይገምታል። ግምቱን ግን አያምነውም፤ አንድ ነገር ፈቀቅ አድርጎ እንስሳዋን ራሷን ይጠይቃታል።

በዚያው ዓመት ኤሊዛቤት ሩተንን አገባ። ሁለቱ ሙሽሮች ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ሄደው ከአገሬው ሰዎች ጋር እየኖሩ ከዓመት በላይ በበረዶ አገር የሚኖሩ ወፎችን ሲመለከቱ ቆዩ። በኋላ አምስት ልጆች ወልደዋል።

የጭልፊት ጥላ

በ1937 ቲንበርገን ኦስትሪያ ውስጥ ኮንራድ ሎሬንዝ ቤት ጥቂት ወራት ተቀመጠ። ሁለቱ ከሠሯቸው ሙከራዎች አንዱ ከካርቶን የተቆረጠ የወፍ ቅርጽ ነበር። ቅርጹ ክንፍ አለው፤ በአንድ በኩል አጭር፣ በሌላ በኩል ረጅም ጫፍ አለው። አጭሩን ወደ ፊት አድርጎ በሽቦ ላይ ሲሄድ ጭልፊት ይመስላል፤ ረጅሙን ወደ ፊት ሲያደርጉት አንገቷን የዘረጋች ዝይ ይመስላል። ያው አንድ ካርቶን ነው። ከሥር ያሉ የወፍ ጫጩቶች ግን ጭልፊት መስሎ ሲያልፍ ይደነግጣሉ፤ ዝይ መስሎ ሲያልፍ ብዙም ግድ አይሰጣቸውም።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። እሷ ያደገችው ገጠር ነው። የጫጩት እናት ጭልፊት ሲያንዣብብ የተለየ ድምፅ አውጥታ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር እንደምትሰበስብ፣ ላባዋን ነፍታ እጥፍ እንደምታክል፣ እንኳን ጭልፊት ውሻ ላይ እንኳ እንደምትዘል አጫወተችኝ። ለእኔ ከመጽሐፍ የመጣው ነገር ለእሷ የልጅነት ጓሮዋ ነበር።

ነገር ግን የካርቶኑ ታሪክ በዚያ አላበቃም። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ሲሠሩት፣ ጫጩቶቹ የሚፈሩት ጭልፊትን ከተፈጥሮ ስለሚያውቁ ሳይሆን ደጋግመው ያላዩትን ቅርጽ ስለሚፈሩ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ብዙ ጊዜ ሲያልፍ ያዩትን ይለምዱታል። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች። ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጀርመን በግንቦት 1940 ሆላንድን ወረረች። ወራሪዎቹ አይሁዳውያን መምህራንን ከዩኒቨርሲቲ ሲያባርሩ የላይደን መምህራን ተቃወሙ፤ በኋላም ብዙዎቹ ሥራቸውን ለቀቁ። ቲንበርገን ከእነሱ አንዱ ነበር። በ1942 ተይዞ ሴንት ሚኪልስገስትል በሚባል ቦታ የታጋቾች ካምፕ ገባ። እዚያ የተያዙት ሰዎች ተቃውሞ በተነሳ ቁጥር ሊረሸኑ የሚችሉ መያዣዎች ነበሩ፤ የተረሸኑም ነበሩ። ቲንበርገን ሁለት ዓመት ገደማ በዚያ ሲቆይ ለልጆቹ ስለ አንዲት ሲጋል፣ ስለ ባሕር ዳሯ ወፍ፣ ተረት እየጻፈና እየሣለ ይልክላቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተረቱ መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ወዳጁ ሎሬንዝ ግን በ1938 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ ታርቀዋል። እርቁ ለቲንበርገን ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ሲጋሎቹን ሲጠይቅ

በ1949 ቲንበርገን ላይደን ላይ የነበረውን የፕሮፌሰርነት ቦታ ትቶ ዝቅ ባለ ማዕረግ ወደ እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ሄደ። ቤተሰቡን ይዞ፣ በሌላ ቋንቋ፣ እንደገና ከታች መጀመር። ወላጆቻችን እዚህ ሲመጡ ያደረጉት ነገር ስለሆነ ይህን ክፍል ሳነብ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ኦክስፎርድ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ትልቁን ሥራውን ሠራ። ራቨንግላስ በሚባል የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ባለ ጥቁር ራስ ሲጋሎች በሺህ እየሆኑ ይፈለፍላሉ። ጫጩት ከእንቁላል ከወጣ በኋላ ወላጁ ባዶውን ቅርፊት በመንቆሩ ይዞ ከጎጆው አርቆ ይጥላል። የሚፈጅበት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ግን ለምን? ቲንበርገን እንደ ልማዱ ጠየቀ። አሸዋው ላይ እንቁላሎች አስቀምጦ ከአንዳንዶቹ አጠገብ የተሰበረ ቅርፊት አደረገ፤ አንዳንዱን ቅርብ፣ አንዳንዱን ራቅ አድርጎ። ቁራዎችና ትልልቅ ሲጋሎች መጥተው ሲበሉ ቆጠረ። ቅርፊቱ በቀረበ ቁጥር የሚበላው እንቁላል በዛ። የቅርፊቱ ነጭ ውስጥ ጎጆውን ያሳብቃል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያውኑ አይጥለውም? ሲጋሉ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ምክንያቱ ጎረቤት ነው። ገና ላባው ያልደረቀ ጫጩት ለመዋጥ ቀላል ነው፤ ወላጁ ለአፍታ ዞር ካለ ጎረቤት ሲጋል ይበላዋል። ስለዚህ ወላጁ በሁለት አደጋዎች መካከል ይመዝናል። ከውጭ ቁራ አለ፤ ከውስጥ ጎረቤት አለ።

ተማሪው ሃንስ ክሩክ ደግሞ ሲጋሎቹ ጠላትን እንዴት እንደሚመልሱ አጠና። ቁራ ሲመጣ ግር ብለው ተነስተው እየጮኹ፣ ከላይ እየተወረወሩ ያዋክቡታል። እንቁላል ከመንደሩ ውስጥና ከመንደሩ ውጭ አስቀምጦ ሲቆጥር፣ በጎረቤት ብዛት የተከበበው እንቁላል የተሻለ ተረፈ። ከጭልፊት ግን ይሸሻሉ፤ ጭልፊት እንቁላሉን ሳይሆን እነሱን ነው የሚፈልገው። ጨለማ በሆነ ሌሊት ደግሞ ቀበሮ ሲመጣባቸው ማዋከቡ አላዳናቸውም፤ ብዙዎቹ ጎጆአቸው ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ለእያንዳንዱ ጠላት የተለየ መልስ አለ። ሁሉንም የሚመልስ ግን የለም።

ሌላዋ ተማሪ ኤስተር ከለን ኪቲዌክ የምትባለውን ሲጋል አጠናች። ኪቲዌክ የምትፈለፍለው ቀበሮና ቁራ በቀላሉ በማይደርሱበት ገደል ላይ ነው። ስለዚህ እሷ ጠላትን እምብዛም አታዋክብም፣ ቅርፊቱንም አርቃ አትጥልም። የሚያስፈራት ስለሌለ ትርኢቱም የለም። አደጋው ሲጠፋ መከላከያውም አብሮ ይጠፋል።

ፓርኪንጓ ውስጥ ያየኋት ኪልዲርም እንዲሁ ናት። ለሰው፣ ለውሻና ለቀበሮ ክንፏ የተሰበረ ትመስላለች፤ ሥጋ በል የተጎዳ ነገር ያማልለዋልና። ላም ወይም ፈረስ ወደ ጎጆዋ ሲመጣ ግን ክንፍ አትጎትትም። ላም ወፍ አትበላም፤ የሚያሰጋው ሰኮናዋ ነው። ያን ጊዜ ላባዋን ነፍታ፣ ጅራቷን ከፍ አድርጋ ፊት ለፊት ትቆማለች። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ደግሞ ትርኢቷ ይበረታል።

ቲንበርገን በ1963 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ አንድን ባሕርይ ለመረዳት አራት ጥያቄዎች መጠየቅ አለባቸው ብሎ ነበር። አሁን ምን ቀሰቀሰው? በእንስሳው ዕድሜ ውስጥ እንዴት አደገ? ለመኖር ምን ይጠቅማል? በዘር ሐረግ ውስጥ ከየት መጣ? አንዱን ብቻ መልሶ ጨርሻለሁ ማለት አይቻልም። ዛሬም የእንስሳ ባሕርይ የሚያጠና ሁሉ በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ይጀምራል።

ፊቱን የሚያዞረው ልጅ

አሁን ኮምፒዩተሬን ወደዘጋሁበት ቦታ ደርሰናል።

ቲንበርገን ብዙዎቹን የሲጋል ትርኢቶች የሚያስረዳው በሁለት ስሜቶች ትግል ነበር። ወፉ ውስጥ ግጠም የሚልና ሽሽ የሚል እኩል ሲሳሳቡ፣ ከሁለቱም ያልሆነ ነገር ይወጣል። ድንበር ላይ የተፋጠጡ ሁለት ሲጋሎች ድንገት ሣር መንቀል ይጀምራሉ። ባለ ጥቁር ራሶቹ ደግሞ ሲገናኙ ፊታቸውን ወዲያ ያዞራሉ፤ አስፈሪው ጥቁር ፊታቸው እንዳይታይ፣ ባልንጀራቸው እንዳይሸሽ። ይህ በወፎቹ ላይ በብዙ ሰዓት ምልከታ የተደገፈ ነበር።

በ1973 ቲንበርገን፣ ሎሬንዝና ካርል ፎን ፍሪሽ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ስቶክሆልም ላይ ንግግር ሲያደርግ ስለ ወፎቹ ይናገራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ትልቁን ክፍል ለኦቲዝም ሰጠው። ከባለቤቱ ጋር ባንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያወጡትን ሐሳብ ነበር ያቀረበው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ዓይን የማያየው፣ ፊቱን የሚያዞረው፣ እንደ ሲጋሉ በመቅረብና በመሸሽ መካከል ተይዞ ነው፤ ከልክ ያለፈ ፍርሃት ውስጥ ነው። ፍርሃቱን ያመጣው ደግሞ በአብዛኛው በጨቅላነቱ የነበረው አካባቢ፣ በተለይም ከእናቱ ጋር ያለው ትስስር መጎዳቱ ነው የሚል ነበር። ባልና ሚስቱ በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ እናት ልጇን ቢታገልም አጥብቃ አቅፋ በመያዝ ልታድነው ትችላለች የሚለውን ሕክምና ደገፉ። እናቶችን ለመውቀስ አላሰቡም። ነገር ግን በሽታው ከእናትና ልጅ ትስስር የመጣ ከሆነ ወቀሳው የት እንደሚያርፍ ግልጽ ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ይህ ሐሳብ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ወንድሜ ሦስት ዓመቱ ላይ ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ካለን በኋላ አንድ የልቅሶ ቤት ሄድን። እሱ ጆሮውን ይዞ ጮኸ። አንዲት የምናከብራቸው እትዬ ለእናቴ ሰው እየሰማ፣ ልጁ እንዲህ የሆነው አንቺ ሁለት ሥራ ስትሮጪ ከቴሌቪዥን ጋር ስለተውሽው ነው አሏት። ክፋት አልነበራቸውም። እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ግን እሱን ይዛ ሰው ቤት መሄድ አቆመች። ማን ይጠይቀዋል ሲባል ደህና ነው፣ ተኝቷል ትላለች። ኪልዲሯ ሳትቆስል የቆሰለች ትመስላለች፤ እናቴ ደግሞ ቆስላ ደህና ትመስላለች። ሁለቱም የሚያደርጉት ሰው ወደ ጎጆው እንዳይደርስ ነው።

ስለዚህ የኖቤል ተሸላሚው፣ ወፎቹን እንዲያ በትዕግሥት የጠየቀው ሰው፣ ከእትዬ ጋር አንድ ነገር ሲናገር ሳገኘው በጣም ተናደድኩ። ስለ እሱ ላለመጻፍ ወስኜ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የካርቶኑ ጭልፊት ነው። ያ ሙከራ ሲደገም የመጀመሪያው ማብራሪያ እንዳልበቃ ታየ፤ የቲንበርገን ትምህርት ቤት ያስተማረው ይህንኑ ነው፣ ግምት ይፈተናል። በልጆቹ ላይ ግን አልፈተነውም። እሱና ባለቤቱ የተነሱት በአብዛኛው ኦቲዝም የሌለባቸውን ዓይን አፋር ልጆች ሲመለከቱ ካዩት ነው፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዘለሉ። የጥድ ፍሬውን ፈቀቅ አላደረጉም። አጠገቡ ቅርፊት የሌለበትን እንቁላል ከቅርፊቱ ጋር ካለው ጋር አላነጻጸሩም። ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን መለሱና የቀሩትን ተዉ።

ሌሎች ግን ጠየቁ። ሎርና ዊንግ እንግሊዛዊት የአእምሮ ሐኪም ነበረች፤ ልጇ ኦቲዝም ነበረባት። በ1976 ከዴሪክ ሪክስ ጋር ሆና የቲንበርገኖችን ሐሳብ በዝርዝር ተቸች። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር ቢያንስ አንዳቸው ኦቲዝም ያለባቸውን 21 ጥንድ መንትዮች አጠኑ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች አንድም ጥንድ ላይ ሁለቱም አልነበረባቸውም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን የጥድ ፍሬውን ፈቀቅ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ሁለቱም ዓይነት መንትዮች አንድ ቤትና አንድ እናት አላቸው፤ የሚለያዩት በሚጋሩት ዘር መጠን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ትልልቅ ጥናቶችም ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው አረጋግጠዋል። እናት አላመጣችውም።

ቲንበርገን ራሱ የቆሰለ ሰው ነበር። የጭንቀት ሕመም ደጋግሞ ይይዘው ነበር። የወፍ ተመራማሪ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ሉክ በ1955 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጥፍቷል። የሚሠቃዩ ልጆችን ለማዳን የቸኮለው ለዚህ ይሁን አይሁን መናገር አልችልም፤ እሱ ጋ ሄጄ ልፈትነው አልችልምና። ቲንበርገን ታኅሣሥ 21 ቀን 1988 ኦክስፎርድ ላይ አረፈ።

ከእሱ የያዝኩት

በመጨረሻ ታሪኩን በሙሉ ለእናቴ ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ቡና እያፈላች ነበር። ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ጎረቤት ሲጋሎች፣ ስለ ስቶክሆልሙ ንግግር፣ ከዚያ ስለ መንትዮቹ። መንትዮቹ ላይ ስደርስ ረከቦቱን ማስተካከል ትታ እንደገና ንገሪኝ አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ ጻፍኩላት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስንም አነሳንላት፣ እኔና አክስቴ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱ፣ በ2021 ያረፉ። ልጃቸውን ከመደበቅ ይልቅ በየመድረኩ ስለ እሱ ተናግረዋል። እናቴ ስማቸውን ታውቅ ነበር። ግን አሜሪካ ኖረው የተመለሱ መሆናቸውን አታውቅም ነበርና ገረማት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለአንድ ልጅ ክርስትና ተጠራን። ወንድሜን ይዘነው ሄድን። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ፣ ጆሮ መከለያውን አድርጎ፣ ጥግ ላይ። ከዚያ ይበቃዋል ብላ እናቴ ራሷ ተነሳች። ትልቅ ነገር አልተፈጠረም። ግን ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ነርስ ስሆን ከቲንበርገን ይዤ የምሄደው የሚያየውን ዓይኑንና ያንን የጥድ ፍሬ ነው። ሕመምተኛ ሲጮህ፣ ሲቆጣ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ ወይም ደህና ነኝ ሲል፣ ትርኢቱን ማየት ሥራዬ ነው። ትርኢቱን ተከትዬ ሠላሳ እርምጃ ከመሄዴ በፊት ግን ምን እየጠበቀ ነው ብዬ መሬቱን ማየት አለብኝ። የገመትኩትንም ከማመኔ በፊት መፈተን አለብኝ፤ በተለይ ግምቴ አንዲት እናት ላይ የሚያርፍ ከሆነ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። በማኅበራችን የአዲስ ዓመት ዝግጅት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በሠርግም፣ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ስታዩ አታፍጥጡበት፣ አትያዙት። ሰላም ብላችሁ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይህን ሳይወጥሩ መጠበቅን ቲንበርገንም ይመክር ነበር፤ እዚህ ላይ ትክክል ነበር። እናቱንም ምን አድርገሽው ነው ብላችሁ አትጠይቋት። ቡና አምጡላት፤ እሱንም እሷ እስክትጠጣ ድረስ ጠብቁላት።

ኪልዲሯ ዘንድሮም ያ ጠጠር ላይ ተመልሳለች፤ ትሁን ልጇ አላውቅም። ወንድሜ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጣቱን ቀስሮ ቦታውን አሳየን። እናቴ መኪናውን ወደ ኋላ መልሳ ሌላ ቦታ አቆመች።